ከአራት አንዱ

ባለፈው ቅዳሜ የቦኖሻ ሚኒባሶች ቆመው ተሳፋሪ በሚጠሩበት ጥግ፣ ሻንጣዋ ላይ የተቀመጠች አንዲት ወጣት እናት አየሁ። ፀሐዩ ያን ያህል የሚያቃጥል አልነበረም፤ እሷ ግን ያቀፈችውን ሕፃን በነጠላ ሸፍና፣ ከነጠላው በላይ ፎጣ ደርባ፣ ከዚያም ላይ ጃንጥላ ዘርግታለች። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋናው ሥራዬ ሰው ማየት ነውና ዘንቢሌን መሬት አስቀምጬ አጠገቧ ቆምኩ። ነፋስ መጣና ነጠላውን ገለጥ አደረገው። የሕፃኑ ጸጉር እንደ በቆሎ ጸጉር የነጣ ነው፤ ቅንድቡም፣ ሽፋሽፍቱም እንዲሁ። ልጅቷ የሰረቀችው ነገር የታየባት ይመስል ቶሎ ሸፈነችው። ወዴት እንደምትሄድ ስጠይቃት ወደ ወላጆቿ፣ ቦኖሻ፣ አለች። ባልሽስ ብላት፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሌሞ ነው፣ የላምቤቦ የመጨረሻ ልጅ ነው አለችኝ። ከሻንጣዋ ጫፍ ላይ አብሬያት ቁጭ አልኩ። ላምቤቦ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በወጣትነቱ የታላቅ እህቴ የማርታ ባል ነበረ።

ልጅቷ ትዕግሥት ትባላለች። ዛሬ አትሄጂም፣ ቤቴ ቅርብ ነው፣ ሕፃን እንዲህ ውጭ አይዋልበትም ብዬ ሻንጣዋን ለአንድ ባጃጅ ሹፌር አቀበልኩት። እምቢ ለማለትም አቅም አልነበራትም። ባጃጁ በአስፋልቱ ላይ ሲከንፍ እኔ የማየው ግን ሌላ ሆሳዕና ነበር። ክረምት ሲገባ ጭቃዋ ጫማ የሚያስወልቅ፣ ከመኪና ይልቅ የፈረስ ጋሪ የሚበዛባት፣ ሽማግሌዎች ዛሬም ዋቸሞ የሚሏት ሆሳዕና። ከገበያው እስከ ትምህርት ቤቱ ጋሪ በስሙኒ ያደርስ ነበር፤ ስሙኒ የሌለን በእግራችን እንሄዳለን፣ ማለትም ሁላችንም። ሻይ ቤቱ ጥግ ላይ ትኩስ ቦንቦሊኖ በአሥር ሳንቲም ይሸጣል። ከሻይ ቤቱ ቴፕ የፍቅር ዘፈን፣ ከቀበሌው ድምፅ ማጉያ የሰልፍ መዝሙር ይለቀቅና አየር ላይ ይጋጫሉ፤ እኛ ሴቶቹ በአንዱ እየተራመድን ሌላውን እናንጎራጉራለን። ወንዶቹ ከላይ የሚጠብ፣ ከታች ግን የመንገዱን ጭቃ ሁሉ የሚጠርግ ሱሪ ነበራቸው። ናይለን ሻርፕ ያላት ልጅ ከእኛ ጋር ለመሄድ ትንሽ ታስብበት ነበር። እኔ አልነበረኝም። ስኳርና ሳሙና ከኅብረት ሱቅ በወረፋ ነው፣ ሰዉ ሁሉ ጓድ ነው። ስለ ፖለቲካው ማውራት አልፈልግም፤ ያን ጊዜም አናወራም ነበር።

ቲቸር ሰሎሞን የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ከወደ ሰሜን የመጣ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ከላዩ የማይለይ ቡናማ ኮት ያለው የባዮሎጂ አስተማሪ። ያን ጊዜ አንቱ እንለው ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ከእኛ ብዙም የማይበልጥ ልጅ ነበርና አንቱታውን እዚህ ላይ ትቼበታለሁ። አገሩን አያውቅም፣ ሀዲይኛ አይሰማም፣ ቆጮ ሲቀርብለት የሚበላበትን እጅ እንኳ ያመነታ ነበር። ማስተማር ግን ያውቅበታል። መጽሐፉ ለሦስት አንድ ስለነበር በመጽሐፉ አልተማመነም። አንድ ቀን ጫማ ያላችሁ አውልቁና ወደ ፊት አምጡ አለ። የላስቲክ ኮንጎ፣ የሸራ ጫማ፣ ከጎማ የተቆረጠ በረባሶ፣ መጨረሻ ላይ የራሱ የቆዳ ጫማ፤ ጥንድ ጥንዱ ተሰለፈ፣ ሽታውን ግን ባላስታውስ ይሻለኛል። ግራ ግራው ከእናታችሁ፣ ቀኝ ቀኙ ከአባታችሁ የመጣ ነው በሉ አለን። ቀጥሎ የእኔን ዓይን በሹራብ አሰረና፣ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ብቻ፣ እጄ የነካውን እንዳነሣ ነገረኝ። ዓይኔ ሲፈታ ግራም ቀኝም የተደባለቀበት የነጠላ ጫማ ክምር ፊቴ አለ። ለልጅህ የምታወርሰው ይህን ክምር ነው አለ፤ ግማሽህን ብቻ። ሌላውን ግማሽ ሚስትህ ታመጣለች። የትኛው ግማሽ እንደሚሄድ ግን አንተም አትመርጥ፣ እሷም አትመርጥ፣ ዓይኑ የታሰረ እጅ ነው የሚያነሣው። ይህ ነው ሜዮሲስ። ወንዶቹ አፏጩ፣ እኛ አፈርን፣ አንዱ ጓደኛችን በጥድፊያ ሁለት ግራ በረባሶ አድርጎ ቤቱ ሄደ። እኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ ባዮሎጂ ወደድኩ።

ማርታ ያን ጊዜ ሌሞ ተድራ፣ የመጀመሪያ ልጇን ሐናን ወልዳ ነበር። ሐና የተወለደችው ነጭ ሆና ነው። ዛሬ አልቢኖ ይሏቸዋል፣ ስም ስላለው ብቻ የቀለለ ይመስላል፤ ያን ጊዜ ማርታ ፈረንጅ ወለደች ተባለ። ሊጠይቋት የመጡ ሴቶች ቅቤውንና ገንፎውን ደጃፉ ላይ እያስቀመጡ ተመለሱ። የላምቤቦ ወገኖች ከእሷ ማኅፀን ነው፣ በእኛ አጥንት ይህ የለም አሉ። ላምቤቦ ክፉ ሰው አልነበረም። እህቴን ይወዳት ነበር፤ ገበያ ውሎ ሲመለስ በኪሱ ለእሷ ብቻ የሚያመጣው ከረሜላ አይጠፋም። ግን አባቱ ሞቶ በአጎቶቹ እጅ ያደገ ሰው ነውና የወገኑን አፍ ይፈራል። ወደ ገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ሄደን ነበር፤ ይህ የአብዮቱ ጉዳይ አይደለም ብለው መለሱን። ቄሳችን በበኩላቸው ቤተ ክርስቲያን ያጣመረችውን ማንም አይለይም አሉ፤ የላምቤቦ አጎቶች ደግሞ እሱ ቆራቢ መሆኑን ይተው እንጂ ወገናችን አይበላሽም አሉ። በመጨረሻ የአገር ሽማግሌዎች ሊቀመጡ ቀን ተቆረጠ። ማርታ ከቤቷ ትወጣለች ወይስ ትቀመጣለች፣ ነገሩ ይኸው ነበር።

እኔ የጫማውን ክምር አስቤ ቲቸር ሰሎሞን ዘንድ ሄድኩ። ነገሩን ስነግረው ዓይኑ በራ። ልጅ ነበር ብያለሁ፤ እውነቱን ከነገራቸው በኋላ ሰዎቹ ሌላ ምን ሊሉ ይችላሉ ብሎ አሰበ። የተባለው ቀን ያን ቡናማ ኮት ለብሶ፣ ጫማውን ጋሪው ላይ ሆኖ በመሐረብ እየወለወለ ከእኔና ከእናቴ ጋር ወደ ሌሞ ሄደ። ሽማግሌዎቹ ከላምቤቦ ቤት ፊት ባለው መስክ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ጥቅጥቅ ብሏል። ማርታ ከሴቶቹ ጋር በር ላይ ቆማ ሐናን በጀርባዋ አዝላለች። እሱ ሀዲይኛ ስለማይችል፣ አብዛኞቹ ሽማግሌዎች አማርኛው ስለማይሆንላቸው ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ዋናው ዳኛ አቶ ሄራሞ የሚባሉ የላምቤቦ ታላቅ አጎት ነበሩ፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ የማያቋርጡ።

ቲቸር ልጅ ከእናትም ከአባትም እኩል እንደሚወርስ ሲናገር ሁሉም በትዕግሥት ሰሙት። ከዚያ አቶ ሄራሞ በእጃቸው ወደ እንሰቱ አመለከቱና የእንሰት አባቱ የታለ ብለው ጠየቁ። ተርጉሜ ነገርኩት፤ እሱ ግን ምን እንደሚሉት አልገባውም። እኛ አገር እንሰት በዘር አይዘራም። ደረስ ያለችው ትቆረጥና ከመሬት በታች ያለው የአሚቾዋ፣ የሥሯ፣ እምብርት ተፈልቅቆ ይወጣል፤ አፈርና ፍግ ይሞላባትና ትቀበራለች። ከጊዜ በኋላ ዙሪያዋን ችግኝ ታወጣለች፣ ችግኙም ሁሉ ቁርጥ እናቱን ነው። ቀይዋ ቀይ፣ ነጯ ነጭ። ሽማግሌዎቹ ዕድሜ ልካቸውን ሲያበቅሉ የኖሩት ተክል እንዲህ እያለ ነው የነገራቸው፤ የተበላሸ ችግኝ ካለ እናትየዋን ነቅለህ ትጥላለህ። ይህን ሁሉ ለቲቸር ሳስረዳው ዞሮ እንሰቱን አየ። ከዚያ ፈገግ አለና እንሰቷ እኮ አልወለደችም፣ ራሷን ነው የደገመችው አለ፤ ሰው ግን ራሱን አይደግምም፣ ከሁለት ተካፍሎ ይመጣል። ላሟን ያለ ኮርማ ማን አስወለዳት አለ። ይህን ስተረጉም ከሽማግሌዎቹ አንዳንዶቹ ሳቁ። ተስፋዬ ትንሽ ተነሣ።

የላምቤቦ ወገኖች ግን በአባት በኩል ያለውን እናውቃለን አሉ። አንደኛው ተነሣና የአባቶቹን ስም ከላምቤቦ ጀምሮ ወደ ላይ ቆጠረ፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ እያለ፣ አንድም ሳይሳሳት፣ እያንዳንዱን ከነሥራው። ነጭ የሚባል የለም። ቲቸር ቆጠራው እስኪያልቅ ጠብቆ የሁሉንም ሚስቶች ስም ጠየቀ። አንድ ሽማግሌ የአያታቸውን እናት «ያቺ የአላባዋ» ከማለት በላይ አያውቁም ነበር። ሌላው እናቱን ብቻ ጠራ። እዚያ ከተቀመጠው ሰው ሁሉ ሴት አያቶቹን ከሁለት በላይ የሚጠራ አልተገኘም። በሩ ላይ የቆሙት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አቶ ሄራሞ ሣሩን አዩና፣ እንግዲህ ወደ እኛም ቤት በማናውቃቸው ሴቶች በኩል ገብቶ ተሰውሮ ይሆናል አሉ። እንዲህ ያለ ቃል ከእንዲህ ያለ ሽማግሌ አፍ ሲወጣ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምንኛ ጥሩ ነበር። አቶ ሄራሞ ግን የሚቀጥሉትስ ልጆች ብለው ጠየቁ። ቲቸር ከኪሱ ሁለት አምስት ሳንቲም አወጣ። የያን ጊዜ አምስት ሳንቲም በአንድ ወገኑ አንበሳ፣ በሌላው ወታደር ነበረው። አንዱ ሳንቲም የባል፣ አንዱ የሚስት ነው አለ፤ አንበሳ ከታየ፣ አንድም ይሁን ሁለት፣ ልጁ ጥቁር ነው፤ ሁለቱም በወታደር ከወደቁ ግን ነጭ ይሆናል፤ ይህም ከአራት አንዴ ያህል ነው። ሳንቲሞቹን አራት ጊዜ ጣላቸው። ዕድላችን ጠማማ ሆኖ ልክ እንዳለው መጡ፤ አንዱን ጊዜ ሁለት ወታደር፣ ሦስቱን ጊዜ አንበሳ። ሽማግሌዎቹ ከአንገታቸው ሰገግ ብለው በዓይናቸው አዩ። ላምቤቦም አየ፤ ፊቱ እንደዚያ ሲፈካ ከሠርጉ ቀን ወዲህ አይቼው አላውቅም። አቶ ሄራሞ ተነሡ።

«ከአራት አንዱ የተሰወረው ነገር ድርሻ ነው» አሉ። «ድርሻውን ወስዷል፤ ሐና ናት። ሦስቱ የእኛ ናቸው። ማርታ ቤቷ ትቀመጥ።»

ሽማግሌዎቹ ሣር ነጭተው መረቁ። ያሉትን ስነግረው ቲቸር ደነገጠ። አይደለም በያቸው፣ ሳንቲሙ ያለፈውን አያስታውስም፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ዕጣው እንደገና ነው የሚወጣው አለኝ። ተረጎምኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደግሜ ተረጎምኩ። አቶ ሄራሞ ቁጣም ሳይኖርባቸው አዩኝና «ልጄ፣ ሣሩ ተነጭቷል» አሉኝ። እኛ ዘንድ ሣር ከተነጨ በኋላ ነገር አይከፈትም። እናቴ ከኋላዬ ክንዴን ቆነጠጠችኝ፤ እህትሽ ተረፈች፣ ምን ትፈልጊያለሽ ማለቷ ነው። ማርታ በሩ ላይ እያለቀሰች እልል ትል ነበር። በመመለሻችን ላይ ቲቸር በጋሪው ላይ ሆኖ ሁለቱን ሳንቲሞች በእጁ ሲያገላብጥ መጣ።

ከዚያ በኋላ ማርታ እንደገና አረገዘች። ቤቷ ሞልቶ ነበር፤ ደጃፍ ላይ ገንፎ ትተው የሄዱት ሴቶች ገብተው ይቀመጣሉ፣ ላምቤቦ ለሚመጣው ልጅ ላም ሰይሞ ነበር። እኔ እሑድ እሑድ እየሄድኩ አይቻት እመለሳለሁ። አንድ ቀን፣ እትዬ ማርታ፣ ዕጣው እንደገና ነው እኮ ብዬ ነገርኳት። ሽማግሌዎቹ መርቀዋል አለችኝና የልጁን መራገጥ እንድነካ እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ አስቀመጠችው። ክፍል ውስጥ ቲቸር የውርስን ዕጣ የሚያሳየንበትን አራት ማዕዘን ደብተሬ ላይ ሥዬ ለአራት እከፍለዋለሁ፤ የነጩ ልጅ ጥግ ሁልጊዜ እዚያው ናት። ዓይኑ የታሰረ እጅ ምን እንዳነሣ እህቴ ሆድ ውስጥ ካለቀ ቆይቷል፤ እኔ ግን ስለት እሳል ነበር። ፀሎት ያለቀ ነገር እንደማይለውጥ ባውቅም ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ልጁ ወንድ ነበር፤ ነጭ።

ማንም አልጮኸባትም፣ ማንም አልሰደባትም። አቶ ሄራሞ ራሳቸው ጋሪ ተከራይተው፣ ማርታንና ሁለቱን ልጆቿን ይዘው አባቴ ቤት መጡ። ላምቤቦ ጋሪውን እስከ ወንዙ ድረስ በእግሩ ተከትሎ ተመለሰ አሉ። ሽማግሌው ቤታችን ገብተው ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ እኛ ቃላችንን ጠብቀን ነበር፣ የከዳን ቁጥሩ ነው አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ቲቸር ሰሎሞን በማግስቱ መጣ። አባቴ ፊት ቁሞ ኮፍያውን በእጁ እያዞረ «ያልኩት እኮ ትክክል ነበር» አለ። አባቴ ብዙ የማይናገር የካቴኪስት፣ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አስተማሪ፣ ልጅ ነበር። «ትክክል መሆንህን አልጠራጠርም ልጄ» አለው፤ «ልጄ ግን እዚህ ናት።» ቲቸር ያን ዓመት ሳይጨርስ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛወረ፤ ከዚያ በኋላ ሰምቼበት አላውቅም።

ላምቤቦ ሌላ ሚስት አገባ፤ አበበች የምትባል። ቄሱ ቁርባን ከለከሉት፣ እሱም ከኋላ ወንበር ቆሞ ማስቀደስ ለመደ። አበበች ወለደች፤ ጥቁር። ደግማ ወለደች፤ ጥቁር። ደጋግማ ወለደች፣ አንድም ነጭ የለም። የእኔ ጠላት ይህ ሆነ። የተማርኩት ነገር ሁሉ አበበች ያ የተሰወረው ነገር የሌለባት ሴት መሆኗን ይነግረኛል፤ ላምቤቦ ለአንዳንዶቹ ልጆቹ ቢያወርሰውም ከእሷ በኩል የሚገጥመው ስለማያገኝ ተደብቆ ያልፋል። ሰው ግን የሚያየው በዓይኑ ነው። ያው ባል፣ ያው ቤት፤ ሚስት ሲለወጥ ልጅ ተለወጠ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? እኔ አስተማሪ ሆኜ ይህንኑ ትምህርት ጸጉሬ እስኪሸብት አስተማርኩ፤ ተማሪዎቼን ጫማ አስወለቅኩ፣ አራት ማዕዘን አሳልኩ፤ ብዙዎቹ ዛሬ ዶክተሮች ናቸው። ማታ ቤቴ ስገባ አብራኝ የምትኖረው እህቴ፣ ከእኔ ነው፣ ከማኅፀኔ ነው ትለኛለች። አይደለም እላታለሁ፤ አንቺማ አስተማሪ ነሽ ትለኛለች። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አላመነችኝም።

ትንሹ ልጅ ገና በሕፃንነቱ በኩፍኝ ሞተ። ሐና ግን እኔ ዘንድ አደገች። ሰሌዳው አይታያትም ነበርና እኔ ማታ በትልልቅ ፊደል እጽፍላታለሁ፤ አፍንጫዋን ወረቀቱ ላይ አስነክታ ታነባለች። ተጫዋች ነበረች፣ ሰው በድምፁ ታውቅ ነበር፣ አካሄዴን ሰምታ ደመወዝ መውጣቱን ትነግረኛለች። ማርታ ከሣር የተሰፋ ሰፊ ኮፍያ ከገበያ ገዝታ አደረገችላት፤ ግን ልጅ ነችና ኮፍያውን አውልቃ ትሮጣለች። ከጆሮዋ አጠገብ ቁስል ወጣ። ቅባት ሰጡን፣ ሌላ ቅባት ሰጡን፣ በመጨረሻ ዘግይታችኋል አሉን። ፀሐይ ነው የገደላት ብለው ነገሩን፤ ይህን እንኳ ቀድሞ የነገረን ሰው አልነበረም፣ በእኔም መጽሐፍ ላይ አልነበረም። ትዳር በሚያምርበት ዕድሜዋ ቀበርናት። ኮፍያዋ እስካሁን ከማርታ አልጋ በላይ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

እንግዲህ ቅዳሜ ዕለት ትዕግሥትን ይዤ ቤት ስገባ ማርታ ከዚያ ኮፍያ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሕፃኑን ተቀበለችኝ፣ ነጠላውን ገለጠች፣ የሚዋልሉትን ዓይኖቹን አየች። ፊቷ ላይ ምን እንደነበር ልናገረው አልችልም። የማን ልጅ ነው ብላ ጠየቀች፤ ነገርኳት። ወረቀት አመጣሁ። እዪ፣ አበበች የለባትም፣ ስለዚህ ከእሷ ሊመጣ አይችልም፤ የመጣው ከላምቤቦ ነው፣ ለልጁ አውርሶት ቆይቶ፣ ይህች ልጅ ደግሞ በወላጆቿ በኩል ይዛ መጥታ ገጠመ፤ እሱም ነበረበት፣ እትዬ፣ እሱም ከመጀመሪያው ነበረበት አልኳት። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየችው። ማንበብ አትችልም፤ ማዕዘኖቹን ግን በጣቷ ተከተለች። ከዚያ ወደ ትዕግሥት ዞራ ማን እንዳስወጣት ጠየቀች። አማቴ አለች ልጅቷ። ባሏ ምን እንዳለ ስንጠይቃት አለቀሰ አለች። የአባቱ ልጅ ነው። ማርታ ሕፃኑን አቅፋ አደረች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ትዕግሥትንና ሕፃኑን ይዘን ወደ ሌሞ ሄድን። ማርታ ኮፍያውን ከሚስማሩ አውርዳ በነጠላዋ ይዛለች። ከዚያ ግቢ ከወጣች ወዲህ ተመልሳ ረግጣው አታውቅም። ቤቱ ቆርቆሮ ሆኗል፣ እንሰቱ ግን እዚያው ነው። አበበች በአክብሮት ተቀበለችን፤ እሷም አርጅታለች፣ ጉልበቷን እየደገፈች ነው የተነሣችው። የላምቤቦ ወንድሞችና ልጆች፣ ሁለት ያልተዳሩ ሴት ልጆች ሳይቀሩ፣ ተሰብስበው ተቀመጡ። እኔ ወረቀቴን ይዤ ጀመርኩ። ነገሩ ከአባት ወገን ተሰውሮ የመጣ መሆኑን ስናገር የሁለቱ ሴት ልጆች ፊት ሲለወጥ አየሁ፤ በቤታቸው ይህ አለ ከተባለ ማን ያገባቸዋል? ወንዶቹ መነቃነቅ ጀመሩ።

«ቲቸር፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት» አለች አበበች። «እኔ ግን በዚህ ቤት የወለድኳቸው ሁሉ እኒሁ ናቸው፣ ይዩዋቸው። ነጭ ከየት ይመጣል?»

ሁሉንም አየኋቸው። ጥቁር፣ ጤነኛ፣ ቆንጆ ልጆች ናቸው። እውነቱን ብደግመው ትዕግሥትን ጨርሰው እንደሚያስወጧት ገባኝ፤ እውነቱን ብተወው ሌላ የያዝኩት ነገር የለም። ያን ጊዜ ማርታ ተነሣች።

«አበበች፣ በልጅቷ አትፍረጂ» አለች። «ከእኔ ነው። ከዚህ ቤት ስወጣ ጥዬው የሄድኩት ነው። ዛሬ ልወስደው መጥቻለሁ። ልጅቷን ወደ ቤቷ አግቧት።»

ሰዉ ሁሉ እንደ አንድ ሰው ተነፈሰ። አበበች ተነሥታ ማርታን አቀፈቻት፣ ሁለት አሮጊቶች ተቃቅፈው ተላቀሱ። አንደኛው የላምቤቦ ወንድም ሣር ነጨ። የትዕግሥት ባል ሻንጣውን ከእኔ እጅ ተቀብሎ ወደ ውስጥ አስገባ። ማርታ ኮፍያውን ለትዕግሥት ሰጠችና፣ አሁን ይሰፋዋል፣ ሲያድግ ይሆነዋል፣ ከራሱ ላይ እንዳታወልቂበት አለቻት። ማንም እኔን አላየኝም፤ ወረቀቴን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ባጃጁ ውስጥ ስንመለስ እህቴ በጎኑ ወደ ውጭ ታይ ነበር። ትዕግሥት ገና ልጅ ናት፣ ገና ትወልዳለች፣ ሳንቲሙ ደግሞ ያለፈውን አያስታውስም። ይህን ልነግራት ፈልጌ ሌላ ነገር ተናገርኩ።

«እትዬ ማርታ፣ ያልሽው እኮ እውነት አይደለም» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ትናንት አሳየሽኝ አይደል እንዴ።»

ዕድሜዬን ሙሉ ስነግራት የኖርኩትን ያመነችኝ ቅዳሜ ማታ ነበር። ጥፋቱ የእሷ አለመሆኑን አውቃ ያደረችው አንዲት ሌሊት ብቻ ናት፤ ሲነጋ ራሷ ተመልሳ ተሸከመችው።